ምስጢር ያለበት የወጣቶች የፍቅር ልብ ወለድ አጻጻፍ

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ፍቅር ላይ ትንሽ ምስጢር ጣል ማድረግ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ጀማሪው ግን መሀል ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይቆምበታል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አንድ ነው፦ ፍቅሩ በአንድ በኩል፣ ምስጢሩ በሌላ በኩል ይሄዳል። ልጅቷ ጠዋት ፍንጭ ስትፈልግ ትውላለች፣ ማታ ከልጁ ጋር ስታወራ ታመሻለች። አንዱን አውጥተው ቢጥሉት ሌላው ምንም ሳይጎድልበት የሚቀጥል ከሆነ በእጅዎ ያለው ሁለት ግማሽ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ልጅቷ እውነቱን ብታገኝ ልጁን ልታጣው ትችላለች? መልሱ «አዎ» ካልሆነ ምስጢሩን ይቀይሩ።

ሬሳ አያስፈልግም። ጠለፋም፣ የወንበዴ ቡድንም አያስፈልግም። የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ገብታ መዝገብ ማየት አትችልም፤ የእናቷን ቁም ሳጥን ግን መክፈት ትችላለች። ለዚህ ዓይነት ታሪክ የሚስማማው ቤት ውስጥ የታፈነ ነገር ነው፦ ዕዳ፣ ዋስትና፣ የተሸጠ ቤት፣ ስሙ የማይነሳ ዘመድ። ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን፤ ምስጢሩ የፈረሰ ዕቁብ ነው።

መጀመሪያ የሆነውን ጻፉ

ምዕራፍ አንድን ከመጀመርዎ በፊት ከታሪኩ በፊት የሆነውን ነገር በቀን ቅደም ተከተል አንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡ። አንባቢው ይህን ገጽ አያየውም። እርስዎ ግን ያለ እሱ አንድ እርምጃ አይራመዱም። የእኛ ገጽ ይህን ይመስላል።

ሃና 17 ዓመቷ ነው፤ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ከእናቷ ጋር ትኖራለች። መስከረም 2 ቀን 2013 ዓ.ም፣ ቅዳሜ፣ የሰፈሩ ዕቁብ ተጀመረ። አርባ አባላት፣ በየሳምንቱ 2,000 ብር፣ አንድ ዕጣ 80,000 ብር። ሰላሳ ዕጣ በሰላም ወጣ። ሚያዝያ 2 ቀን የ31ኛው ሳምንት ገንዘብ ተሰበሰበና የዕቁቡ ዳኛ ይዞት ተሰወረ። የሃና እናት ዕጣ ካልደረሳቸው አስር ሰዎች አንዷ ናት። በ2016 ዓ.ም አጋማሽ ናሆም የሚባል ልጅ ከጅማ ተዛውሮ ሃና ክፍል ይገባል። የዳኛው ልጅ ነው። እሱ ያውቃል፤ እሷ አታውቅም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው፤ ምስጢሩ ያለው እዚያ ነው። ዕጣ ያልደረሳቸው አስር ሰዎች እያንዳንዳቸው 31 ሳምንት ከፍለዋል፤ 62,000 ብር ማለት ነው። የአስሩ ድምር 620,000። ሰፈሩ ለሦስት ዓመት «ስድስት መቶ ሃያ ሺህ በልቶ ጠፋ» ሲል ኖሯል። ዳኛው የወሰደው ግን የአንድ ሳምንት ዕጣ፣ 80,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 540,000 የት ገባ? ዕጣ የደረሳቸው ሰላሳ ሰዎች ዳኛው መጥፋቱን ሲሰሙ የቀራቸውን ዘጠኝ ሳምንት መክፈል አቆሙ። 30 ሲባዛ በ9 ሲባዛ በ2,000፤ ልክ 540,000። ከሰላሳዎቹ አንዷ፣ 11ኛው ዕጣ የደረሳት፣ የሃናን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትከፍለው አክስቷ ናት። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚረከበው ዋስ ጠርቶ ነውና የአክስቷ ዋስ ማን ነበር? የሃና እናት። እናትየው ሦስት ዓመት ሙሉ አፏን የዘጋችው ለዚህ ነው። እህቷን ልክሰስ ብትል በዋስነት የምትጠየቀው ራሷ ናት።

ይህ ምሳሌ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። መልሱ መጨረሻ ላይ ወደ ልጅቷ ቤት ይመለሳል፤ ሌባ የተባለው የልጁ አባት ነው፣ ትልቁ ጉድለት ግን ከእሷም ዘመድ ዘንድ ነው። ደግሞም አንዲት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እስክሪብቶ ይዛ በአምስት ደቂቃ ልትደርስበት ትችላለች። ምስጢሩን የሚፈታው ከውጭ የመጣ አዋቂ ከሆነ ታሪኩ የልጅቷ መሆኑ ይቀራል።

ገጹን ስትጨርሱ ቀዳዳ ፈልጉ። ለምሳሌ፦ ሰፈሩ ናሆምን በመልክ ለምን አላወቀውም? ከእናቱ ጋር ጅማ ስላደገ። አዲስ አበባ ለምን መጣ? አያቱ ጋር ሆኖ ለፈተና ሊዘጋጅ። «ናሆም ግርማ» ተብሎ ስሙ ሲጠራ ሃና ለምን አልነቃችም? ሰፈሩ ዳኛውን «ጋሽ ኮሎኔል» እንጂ በስሙ ጠርቶት ስለማያውቅ። ግርማ የሚባል አባት ደግሞ በየክፍሉ ሁለት ሦስት አይጠፋም። እያንዳንዱ ቀዳዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተደፈነ ምዕራፍ አንድ ይቆይ።

ፍንጩን ከአማርኛው ውስጥ አውጡ

የጣት አሻራና የደህንነት ካሜራ ከፊልም የተዋስናቸው ናቸው። የእኛ ቋንቋ፣ ፊደልና አቆጣጠር ከእነሱ የተሻለ ፍንጭ ያቀርባል፤ ብዙ ጸሐፊ አይጠቀምበትም እንጂ።

ፊደሉን እንውሰድ። በአራተኛው ምዕራፍ ሃና ደረጃው ላይ ካለው የቆጣሪ ሳጥን ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ታገኛለች፦ «ሐና፣ 11ኛው ዕጣ የማን ነበር? እናትሽን ጠይቂ።» ስሟ በመታወቂያዋ ላይ «ሃና» ነው፤ ጓደኞቿ «ሀና» ብለው ይጽፋሉ። በሐመሩ «ሐ» የጻፈው ማን ነው? ከዚያ በፊት፣ በሦስተኛው ምዕራፍ፣ እዚያው ደረጃ ላይ «የውኃ ክፍያ እስከ ወሩ 5 ይጠናቀቅ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። «ውሃ» ሳይሆን «ውኃ»። የጻፉት ጡረታ የወጡት ታይፒስት እትዬ አስካለ ናቸው፤ የዕቁቡም ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ። ማስታወቂያውን አንባቢው እንደ ቀልድ አልፎት እንዲሄድ ሃና ቆማ የምታነብበት ምክንያት ሌላ ይሁን፤ ናሆም ሲደውል ስልኩን ለማንሳት እየፈራች ዓይኗን የምታሳርፍበት ቦታ ፈልጋ ነው እንበል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ፍንጭ ከተጠቀሙ የራስዎ ፊደል አንድ ወጥ መሆን አለበት። ተራኪው አንድ ቦታ «ውሃ» ሌላ ቦታ «ውኃ» ካለ ፍንጩ ስህተት ይመስላል። ለአራሚውም አስቀድመው ይንገሩ። ጎበዝ አራሚ የመጀመሪያ ሥራው ፊደል ማስተካከል ነው፤ ሳያውቅ ገዳይ ፍንጭዎን ያጸዳዋል።

ቀጥሎ ጾታ። በአማርኛ ደብዳቤ ላይ የተቀባዩ ጾታ ይታወቃል፤ «ጠይቂ» ሲል ለሴት መሆኑ ግልጽ ነው። የጻፈው ሰው ግን «አውቃለሁ፣ አየሁ፣ ነበርኩ» እያለ አስር ገጽ ቢጽፍ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። በሌላ በኩል ስለማይታወቅ ሰው ስናወራ ልማዳችን ወንድ አድርጎ ነው፦ «ማን ጻፈው? ምን ፈልጎ ነው?» ገጸ ባሕርያቱ እንዲህ ሲሉ አንባቢው ሳይታወቀው ወንድ መፈለግ ይጀምራል። እዚህ ላይ መዋሸት አልተፈጸመም፤ ቋንቋው ነው ያሳሳተው። አንቱታው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «የዕቁቡ ጸሐፊ አሁን የት ናቸው?» «ጡረታ ወጥተዋል።» በአክብሮት ስንናገር ወንድና ሴት አንድ ነው። ሃና ይህን ለምዕራፎች ሰምታ አንድ ሽማግሌ ስትፈልግ ትከርማለች፤ እትዬ አስካለ ደግሞ በየማለዳው «ደህና አደርሽ?» እያሉ ደረጃው ላይ ያልፏታል። «ጸሐፊው» ወይም «ጸሐፊዋ» የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳያመልጥ ረቂቁን በዚህ ዓይን ብቻ አንድ ጊዜ ያንብቡ።

የቀን አጻጻፍም አለ። በዕቁቡ ደብተር ላይ ከአንድ ስም ጎን «12/3/13» ተጽፏል። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 2013 ነው፤ ቅዳሜ፣ ልክ አስራ አንደኛው ሳምንት። እንደ ፈረንጅ ያነበበው ሰው ግን ማርች 12 ቀን 2013 ይለዋል፤ ይህ መጋቢት 3 ቀን 2005 ነው፣ ዕቁቡ ከመጀመሩ ሰባት ዓመት በላይ ቀድሞ። ውጭ አገር ኖሮ የመጣ የአጎት ልጅ ካለ ይህን ስህተት የሚሠራው እሱ ይሁን፤ ሃናን ሁለት ምዕራፍ በተሳሳተ መንገድ ይወስዳታል። የቀን ቅየራውን በካላንደር አረጋግጡ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጥር ወዲያ 8 ዓመት ገደማ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ዓመት ደግሞ ቀኑን በአንድ ይገፋዋል።

ሰዓትም እንዲሁ። ጎረቤት «ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ደረጃው ላይ አየሁ» ይላል። ናሆም ስልኩ ላይ 8:05 የሚል ከትምህርት ቤት የተነሳ ፎቶ ያሳያል። ሃና እፎይ ትላለች። ስልኩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 8:05 ማለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ነው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ላይ የት ነበር? ይህን ፍንጭ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ሁለት ጊዜ ከመጣ አንባቢው ሰዓት መቁጠር ይጀምራል።

ለፍንጮቹ አንድ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ፍንጩ፣ መጀመሪያ የታየበት ምዕራፍ፣ የተሸፈነበት ነገር፣ እውነተኛ ትርጉሙ። ከስድስት እስከ ስምንት ፍንጭ ለአንድ መጽሐፍ ይበቃል። እያንዳንዱ ከመፈታቱ በፊት ሁለት ጊዜ ይታይ። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ይረሳል፤ አራት ጊዜ የታየ ይጮኻል።

ፍቅሩ የት ቦታ ይሆናል?

የአዲስ አበባ ልጆች ብቻቸውን የሚሆኑበት ቦታ የላቸውም፤ ይህ ለጸሐፊው ሀብት ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ ቲቶሪያል፣ የታክሲ ወረፋ፣ ጁስ ቤት፣ ከትምህርት ቤት በር እስከ አስፋልቱ ያለው የአስር ደቂቃ መንገድ። ሁሉም ቦታ የሚያይ ሰው አለ፦ ዘበኛው፣ ባለ ሱቁ፣ «የእገሌ ልጅ አይደለሽም?» የሚሉ እናት። የፍቅሩ ውጥረት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጀማሪ እንዲህ ይጽፋል፦

«ናሆም ዓይኖቿን ሲያይ ልቡ ድው ድው አለ። እንደ ጨረቃ የምታበራ ቆንጆ ልጅ ነበረች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ።»

ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ለማንኛዋም ልጅ ይሆናሉ። ያንኑ ስሜት በዕቃና በድርጊት እንሞክረው፦

«ከኋላ ወንበር አራት ሆነው ተጨናነቁ። ረዳቱ ‹ትንሽ ጠጋ በሉ› ሲል ናሆም ቦርሳውን አንስቶ በሁለቱ መሀል አስገባው።
‹ምን ይዘሃል?›
‹ደብተር።›
‹እንዳልነካህ ነው?›
አልመለሰላትም። መገናኛ ሲደርሱ ግን ቦርሳው እግሩ ሥር ነበር። ማን እንዳወረደው ሁለቱም አልተናገሩም።»

እዚህ ውስጥ ልብ አልመታም፤ ቦርሳ ነው የተንቀሳቀሰው። ሌላም ሥራ ተሠርቷል። ቦርሳው ውስጥ ያለው «ደብተር» የሒሳብ ደብተር ሳይሆን አባቱ ትቶት የሄደው የዕቁብ ደብተር ነው። ናሆም አልዋሸም። አንባቢው የፍቅሩን ነገር እያየ ፍንጩን ዘሎታል። ይህ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ዋና ዘዴ ነው፦ ፍንጭ ሁልጊዜ የፍቅር ትዕይንት ውስጥ ይደበቅ፤ ፍቅሩ ደግሞ ሁልጊዜ ፍንጭ ፍለጋው ላይ ይደግ።

ናሆም ደብተሩን ለምን አያሳያትም? «ስላልተመቸው» አይበቃም። የመጀመሪያ ዝምታው ስለ አባቱ ከማፈር ነው። በኋላ ግን ደብተሩ ላይ በዋስነት የፈረመችው የሃና እናት መሆኗን ያያል፤ ሁለተኛው ዝምታ እሷን ላለማሳዘን ነው። አንባቢ የመጀመሪያውን ይታገሣል፣ ሁለተኛውን ይወዳል። ሦስተኛ ዝምታ ከጨመሩ ግን ልጁን ይጠላዋል።

በንግግር ላይ ቁጥብ ይሁኑ። «ጀለስ»፣ «ፋራ»፣ «ላሽ በል» በመላው መጽሐፍ አራት አምስት ቦታ ቢገቡ ይበቃል፤ የአራዳ ቃል ቶሎ ያረጃል። ይልቅስ ልጅ ለእናት፣ ለመምህር፣ ለጓደኛ የምትናገርበት ልዩነት ይሰማ። ሃና እናቷን «አንቺ» ብላ እትዬ አስካለን «እርስዎ» ማለቷ ብቻ ሁለት ዓለም ያሳያል።

ስለ ልክ ደግሞ፦ አንባቢው ውስጥ የአስራ አራት ዓመት ልጅም አለ። ሁለቱ እኩያሞች ይሁኑ፤ መምህርና ተማሪ፣ ባለ መኪና ጎልማሳና ልጅ የፍቅር ታሪክ አይደለም። በሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ሰርግ መጨረሻ ላይ ለመክተት የሚቸኩሉ ይህን ያስታውሱ። አንድ መሳም፣ ያውም ዘግይቶ፣ ከበቂ በላይ ነው።

ምዕራፎቹን መደልደል

ሠላሳ ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ 1,400 ቃል ያህል፣ በድምሩ 42,000 ገደማ። የአማርኛ ቃል ብዙ ስለሚሸከም ይህ ደህና ወፍራም መጽሐፍ ይወጣዋል። ናሆም በ2ኛው ይገባል፣ ደብዳቤው በ4ኛው፣ ታክሲው በ6ኛው። በ12ኛው ሃና እናቷን ትጠይቃለች፤ እናቷ መልስ ሳትሰጥ ሽንኩርት መክተፏን ትቀጥላለች። በ15ኛው ደስታው ጫፍ ይድረስ። በ17ኛው ደብተሩን ታያለች፣ በ18ኛው ናሆም አባቱ ማን እንደሆነ ይናገራል። ከዚህ አይዘግይ፤ ውሸቱ ከመጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ ካለፈ ይቅርታው አይታመንም። ከዚያ ተለያይተው ይቆያሉ። በ20ኛው ሃና ሒሳቡን ብቻዋን ትሠራና 540,000 ላይ ትደርሳለች።

በ23ኛው የብሔራዊ ፈተናውን ተጠቀሙበት። በ2015 ዓ.ም ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ጀመረ፤ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ለተጣሉ ሁለት ልጆች ከዚህ የተሻለ ማን ይፈልጋል? መደወል የለም፣ «ኦንላይን ነበር» ብሎ መሰለል የለም። ሲገናኙ ፊት ለፊት ነው። የታሪካችሁ ዓመት ላይ አሠራሩ እንዴት እንደነበር ከተፈተነ ልጅ ጠይቁ፤ በኦንላይን የተፈተኑም አሉና።

በ26ኛው እትዬ አስካለ ይናገራሉ። ለምን ስማቸውን ደብቀው ጻፉ? አራተኛው ዕጣ የእሳቸው ነበር፤ እሳቸውም ክፍያ ካቆሙት ሰላሳዎቹ መሀል ናቸው። በ27ኛው ከአክስቷ ጋር ትፋጠጣለች። አክስቷን ጭራቅ አታድርጓት፤ የቀረባት ዕዳ ዘጠኝ ሳምንት፣ 18,000 ብር ነው፤ ለሃና ትምህርት ቤት የከፈለችው ከዚያ ይበልጣል። ሃና ምን ትበላት? ይህ ትዕይንት ከመሳሙ የበለጠ ሊከብዳችሁ ይገባል፤ ሦስት ጊዜ እንደገና ጻፉት።

የሚያበላሹት

ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው «ወንድምና እህት ናቸው» የሚለው ድንገቴ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመስል የሚስብ ነው፤ ግን በየድራማው አርጅቷል፣ ፍቅሩንም በአንድ ምት ይገድለዋል። ወሬ ሆኖ ይነሳ ካላችሁ በሁለት ምዕራፍ ውስጥ ይጥፋ። የመኪና አደጋ፣ ካንሰርና ድንገተኛ የአሜሪካ ቪዛም ያው ናቸው፤ ጸሐፊው መውጫ ሲያጣ የሚጠራቸው ዕድሮች ናቸው።

ሌላው በስልክ የሚቋረጥ ምስጢር ነው። «በስልክ አይነገርም፣ ነገ እንገናኝ» ያለ ሰው ነገ ከጠፋ አንባቢው ይናደዳል። የሚያውቅ ሰው ዝም የሚለው መናገሩ ራሱን ስለሚጎዳው ይሁን።

የዘፈን ግጥም በየገጹ መጥቀስም አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ዜማውን ታንጎራጉር፤ ግጥሙን አትገልብጡ።

ከመልቀቃችሁ በፊት

በቴሌግራም ክፍል በክፍል የምታወጡ ከሆነ አንድ መልእክት የሚይዘው 4,096 ፊደል ነው፤ 1,400 ቃል ያለው ምዕራፍ በሁለት ይከፈላል። መክፈያውን ቴሌግራም አይምረጥላችሁ፤ ጥያቄ ተጠይቆ መልስ ሳይመጣ ይቆረጥ። ሠላሳውም ሳይጠናቀቅ ግን ክፍል 1ን አትልቀቁ። ምዕራፍ 22 ላይ ስትደርሱ በምዕራፍ 3 ያለው ማስታወቂያ መለወጥ እንዳለበት ይገባችኋል፤ ያኔ አንባቢው አንብቦታል።

ጽሑፉን እስከ 20ኛው ምዕራፍ ድረስ ለሦስት ልጆች ስጡ፤ ቢቻል ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆኑ። «ወደዳችሁት ወይ?» አትበሉ፤ ሁሉም «አሪፍ ነው» ይላችኋል። በየግላቸው ወረቀት ላይ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ይጻፉ። ሦስቱም «እትዬ አስካለ» ካሉ ከማስታወቂያው ላይ አንድ «ኃ» ቀንሱ። አንዱም ካላላቸው እትዬ አስካለን በ9ኛው ምዕራፍ የሰው ስም በእስክሪብቶ ሲጽፉ አሳዩ። አንዱ ብቻ ከደረሰበት አትንኩት።